በራስ መኪና ከቴክሳስ እስከ ፓናማ፦ የመካከለኛው አሜሪካን ድንበሮች ከነመኪናችሁ እንዴት ታልፋላችሁ

በመካከለኛው አሜሪካ ድንበር ላይ የሚሻገሩት ሁለት ናቸው፣ እናንተና መኪናችሁ። ይሄ የገባው ሰው ግማሹን ጣጣ ጨርሷል። እናንተ የራሳችሁ መውጫና መግቢያ ማህተም አላችሁ፣ መኪናዋም የራሷ መውጫና መግቢያ ወረቀት አላት፣ ወረቀቱን የሚሰጡት ደግሞ ሁለት የተለያዩ መስሪያ ቤቶች ናቸው፣ አንዱ ኢሚግሬሽን ሌላው ጉምሩክ፣ አንዱ የሌላው ስራ አያገባውም። ፓስፖርቱን አስመትቶ "በቃ ጨረስኩ" ብሎ ነዳጅ የሚረግጥ ሰው መኪናውን ሳያስወጣ ነው የሄደው፣ ማንም አያስቆመውም ይሆናል፣ ግን ሲመለስ ሲስተሙ ላይ መኪናዋ አሁንም አገር ውስጥ ናት፣ ቀኗም አልፏል፣ ከዛ ቅጣት ነው፣ ክርክር ነው፣ አንዳንዴም ሁለተኛ አትገባም ነው።

ይሄን የምጽፈው የአሜሪካ ታርጋ ያለው መኪና ይዞ ከቴክሳስ ተነስቶ በሜክሲኮ፣ ጓቲማላ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ሆንዱራስ፣ ኒካራጓና ኮስታሪካ አድርጎ ፓናማ ለመድረስ ለሚያስብ ሰው ነው። ሰባት ድንበር ነው። ቤሊዝ ከመንገዱ ወጣ ስለምትል ትቻታለሁ። ዋጋ የጠራሁበት ቦታ ሁሉ "ገደማ" በሉት፣ ይቀያየራል።

ከቤት ሳትወጡ፣ ወረቀት

የመኪናው ታይትል፣ ያው አገር ቤት ሊብሬ የምንለው፣ ኦርጅናሉ በእጃችሁ ይሁን። ሬጅስትሬሽን ብቻ ይዞ የሚያልፍ ሰው አለ፣ ግን ሁሉም ድንበር ላይ እንደዛ ዕድለኛ አይኮንም። መኪናው ገና ብድር ላይ ከሆነ ታይትሉ ባንኩ ጋር ነው፣ ስለዚህ ባንኩ "መኪናው ከአሜሪካ እንዲወጣ ፈቅደናል" የሚል ደብዳቤ ሊጽፍላችሁ ይገባል፣ ኖታራይዝ ተደርጎ፣ ቢቻል ከስፓኒሽ ትርጉም ጋር። የኪራይ መኪና ይዞ ይሄን ሁሉ አገር ማቋረጥ ግን አይታሰብ።

እዚህ ላይ በተለይ እኛን የሚነካ ጉዳይ አለ፣ ስም። ፓስፖርታችሁ ላይ የራስ ስም፣ የአባትና የአያት አለ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ የራስና የአያት ብቻ፣ ታይትሉ ላይ ደግሞ ዲለሩ እንደመሰለው የጻፈው። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለጉምሩኩ ሰውዬ ግን ሶስት ሰው ነው። ፓስፖርቱንና ታይትሉን ጎን ለጎን አስቀምጦ ፊደል በፊደል ነው የሚያየው፣ አንዱ ላይ በአንድ ኤስ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ ከተጻፈ ቀና ብሎ ያያችኋል። ይሄን እዛ ደርሳችሁ አታስተካክሉትም፣ ቢያንስ ከጉዞው ሁለት ወር በፊት ታይትልና መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መስሪያ ቤት ጋ፣ ብዙ ስቴት ዲኤምቪ የሚባለው፣ ሄዳችሁ ሁለቱን ከፓስፖርቱ ጋር አንድ አድርጉ። ሌላው፣ የእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም አትይዝም፣ ስለዚህ መኪናው በባል ስም ሆኖ ሚስት ብቻዋን ይዛው ልትሻገር ብትል "ባሌ ነው" ማለት አይበቃም፣ በኖታሪ የተረጋገጠ ውክልና ያስፈልጋታል፣ በስፓኒሽ። ለወንድምና ለጓደኛ መኪናም እንደዛው። በጣም ጥሩው ግን መኪናውን የሚያሻግረው ራሱ ባለቤቱ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ፎቶ ኮፒ በብዛት አዘጋጁ። ፓስፖርት ፎቶ ያለበት ገጽ፣ መንጃ ፈቃድ ፊትና ጀርባ፣ ታይትል ፊትና ጀርባ፣ ሬጅስትሬሽን፣ እያንዳንዱን ለአንድ ድንበር ሶስት ሶስት አድርጋችሁ በፎልደር። ኮፒ ቤት ድንበሩ ላይ አለ፣ ግን መብራት ይጠፋል፣ ወይ ልጁ ምሳ ሄዷል፣ ወይ ሰልፉ ከኢሚግሬሽኑ ይረዝማል። ትኩስ ማህተም የተመታበትን ገጽ ኮፒ ግን እዛው ከማስደረግ ውጪ አማራጭ የለም፣ ስለዚህ ሳንቲም አይጥፋ። ዶላርም ትንንሹን ያዙ፣ አንድ፣ አምስት፣ አስር፣ ሃያ፣ ያልተቀደደና ያልተጻፈበት። ጫፉ ትንሽ የተቀደደ ብር ብቻ አይቶ የሚመልስላችሁ ገንዘብ ተቀባይ ሞልቷል።

ግሪን ካርድ ይዛችሁ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለምትሄዱ፣ ሜክሲኮ ለአሜሪካ ፐርማነንት ሬዚደንት ቪዛ አትጠይቅም። ከዛ በታች ያሉት አገሮች ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ህግ ስላላቸው የየኤምባሲያቸውን መልስ በኢሜይል አስጽፋችሁ ፕሪንት አድርጉት፣ ድንበር ላይ ያለው ኦፊሰር የኢትዮጵያ ፓስፖርት በዓመት ስንቴ ያያል? በቅርቡ አገር ቤት ደርሳችሁ ከሆነ ደግሞ የብጫ ወባ ክትባት ካርዷን ፎልደሩ ውስጥ ጨምሩ፣ በሽታው አለባቸው ከሚባሉ አገሮች የመጣን ሰው እሷን የሚጠይቁ አሉ።

የማይያዝ ነገር። ጠመንጃም ሽጉጥም አንድ ፍሬ ጥይትም ሜክሲኮ ውስጥ እስር ቤት ነው፣ ቴክሳስ የኖረ ሰው ትራንኩንና የወንበሩን ስር ፈትሾ ይነሳ። ድሮን ኒካራጓ ክልክል ነው፣ ይወስዱታል። በርበሬና ሽሮ በፌስታል ጠቅልላችሁ አትያዙ፣ ስም ያልተጻፈበት ቀይ ዱቄት ለማያውቅ ፈታሽ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም እናንተው ገምቱት፣ የታሸገና ሌብል ያለው ይሁን። ፍራፍሬና ስጋ ደግሞ የግብርና ተቆጣጣሪዎቹ ይጥሉታል። መኪናውንም በአሮጌ ልብስና በቲቪ ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት፣ ያገለገለ ዕቃና መኪና ከአሜሪካ ወደ መካከለኛው አሜሪካ የሚነዱ ነጋዴዎች አሉ፣ ትራንስሚግራንቴ ይባላሉ፣ ቴክሳስ ውስጥ በሎስ ኢንዲዮስ በኩል የሚያልፉ፣ የእነሱ ህግና ክፍያ ሌላ ነው፣ ከነሱ ጋር ከተመደባችሁ ቱሪስት መሆናችሁን ለማሳመን ፍዳችሁን ታያላችሁ።

ሜክሲኮ፣ ማንም የማይነግራችሁ ቢሮ

ከላሬዶ ወይ ከብራውንስቪል ድልድዩን ስትሻገሩ አረንጓዴ መብራት በርቶላችሁ ዝም ብላችሁ ትገባላችሁ፣ ማንም "ፍቃድ አውጣ" አይላችሁም። ምክንያቱም ከድንበሩ 20 እና 30 ኪሎሜትር ድረስ ያለው ዞን የመኪና ፍቃድ አይፈልግም። ከዛ አልፋችሁ ስትሄዱ ግን ኬላ አለ፣ ያለ ወረቀት ከሆናችሁ ወደኋላ ይመልሷችኋል። ስለዚህ ቢሮውን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ትገባላችሁ። መጀመሪያ ኢሚግሬሽን፣ የቱሪስት ወረቀታችሁን፣ ቀጥሎ ባንሄርሲቶ የሚባለው የጦር ሰራዊቱ ባንክ መስኮት፣ የመኪናውን ጊዜያዊ የማስገቢያ ፍቃድ። ፍቃዱ እስከ 180 ቀን ነው፣ የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ በላዩ ላይ ደግሞ መያዣ ያስይዛሉ፦ 2007 እና ከዛ ወዲህ ለተሰራ መኪና 400 ዶላር፣ ከ2001 እስከ 2006 ለሆነ 300፣ 2000 እና ከዛ በፊት ለሆነ 200። መያዣው ተመላሽ ነው፣ ግን ቀኑ ሳያልፍ ፍቃዱን እዛው ባንክ መስኮት ላይ ካሰረዛችሁ ብቻ። አንድ ቀን ካለፈ ብሩ ሄደ።

ፍቃዱ ስትወጡና ስትገቡ ይሰራል፣ ስለዚህ ፓናማ ደርሳችሁ በ180 ቀን ውስጥ በሜክሲኮ የምትመለሱ ከሆነ ደቡብ ድንበር ላይ ማሰረዝ ግዴታ አይደለም። እኔ ግን የምመለስበትን ቀን እርግጠኛ ካልሆንኩ አሰርዛለሁ፣ ሲመለሱ አዲስ ማውጣት ብር ቢያስወጣም ሁለት ወር ሙሉ ቀን ከመቁጠር ይሻላል። የአሜሪካ ኢንሹራንሳችሁ ሜክሲኮ ውስጥ ዋጋ የለውም፣ ድልድዩን ከመሻገራችሁ በፊት የሜክሲኮ ኢንሹራንስ ኦንላይን ግዙ።

ደቡብ ሜክሲኮ፣ በተለይ ቺያፓስ፣ ታፓቹላ አካባቢ፣ የኢሚግሬሽን ኬላ በኬላ ነው። በኮሎምቢያና በፓናማ መሃል ባለው በዳሪየን ጫካ በእግራቸው አልፈው የመጡ ከአፍሪካም ከሄይቲም የተነሱ ስደተኞች የሚቆዩበት ከተማ ነው፣ የእኛም ልጆች አሉበት። ስለዚህ መልካችሁን አይተው ያስቆሟችኋል፣ ይሄን አስቀድማችሁ ጠብቁት፣ ፓስፖርቱ ትራንክ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ይሁን። መንገድ ላይ ሰው ጫኑልን ቢላችሁ፣ አማርኛ የሚናገር እንኳን ቢሆን፣ አትጫኑ። ጨካኝ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ። ውሃ፣ ምግብ፣ ብር ስጡ፣ ስልክ አስደውሉ፣ ግን መኪና ውስጥ ካስገባችሁ በሰው ማሻገር ወንጀል ልትከሰሱ ትችላላችሁ፣ መኪናዋም ትወረሳለች።

አንድ ድንበር እንዴት ይታለፋል

ከዚህ በኋላ ያሉት ስድስቱም ድንበሮች አንድ አይነት አካሄድ አላቸው፣ ቅደም ተከተሉ እዚህም እዚያም ትንሽ ይለያያል።

መኪናችሁን አቁማችሁ ትቆልፋላችሁ፣ ሁለት ከሆናችሁ አንዱ መኪና ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ የምትወጡበት አገር ኢሚግሬሽን ጋ የመውጫ ማህተም ታስመታላችሁ። ቀጥሎ የዛው አገር ጉምሩክ፣ አዱዋና ነው የሚሉት፣ እዛ ሄዳችሁ ስትገቡ የሰጧችሁን የመኪና ፍቃድ ታሰርዛላችሁ፣ "ካንሴላር ኤል ፔርሚሶ" በሏቸው። አንዳንዴ ወጣ ብለው ሻንሲ ቁጥሩን ያያሉ፣ አንዳንዴ እዛው ማህተም መትተው ይሰጧችኋል። የተሰረዘበትን ወረቀት ወይ ኮፒውን ሳትቀበሉ ከመስኮቱ አትነሱ፣ ቀጣዩ አገር ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ሆንዱራስ በተለይ።

ከዛ ድልድይ ወይ ባዶ መንገድ ትሻገራላችሁ። ብዙ ቦታ ጎማውን መድኃኒት ይረጩታል፣ ትንሽ ብር ነው፣ ደረሰኙን አስቀምጡት፣ በኋላ በሩ ላይ ይጠየቃል። በዚያኛው በኩል የመግቢያ ኢሚግሬሽን፣ ማህተም፣ የማህተሙን ኮፒ፣ ከዛ ወደ ጉምሩክ። ረጅሙ እዚህ ነው። ወረቀቶቹን ይቀበላሉ፣ አንዱ መጥቶ ኮፈኑን አስከፍቶ ቁጥሩን ያያል፣ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል፣ ክፍያ ካለ ባንክ መስኮት ይልኳችኋል፣ ደረሰኙን ይዛችሁ ተመልሳችሁ ፍቃዱን ትቀበላላችሁ። ኢንሹራንስ ግዴታ የሆነበት አገር ከሆነ እሱን ትገዛላችሁ። መጨረሻ ላይ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ወረቀቶቹን በሙሉ አይቶ ሰንሰለቱን ያወርዳል።

ጥሩ ቀን አንድ ሰዓት፣ መጥፎ ቀን አራት። ቀኑን ምረጡ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ጠዋት ላይ ድረሱ። ቅዳሜና እሁድ የባንኩ መስኮት ሊዘጋ ይችላል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ይቀዘቅዛል። የስቅለትና የፋሲካ ሳምንታቸው፣ የነሱ ፋሲካ ማለቴ ነው፣ እንዲሁም የገና ሰሞን በፍጹም አይሞከርም፣ አገሩ በሙሉ መንገድ ላይ ነው።

ፍቃዱ ተጽፎ ሲሰጣችሁ ለማመስገን አትቸኩሉ። እዛው መስኮቱ ፊት ቆማችሁ አንብቡት። ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ታርጋ፣ የመኪናው ሞዴልና ዓመት፣ ፍቃዱ የሚያበቃበት ቀን፣ ከሁሉ በላይ ሻንሲ ቁጥሩ። ከ1981 ወዲህ የተሰራ መኪና ሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና ቁጥር ነው፣ ኦ፣ አይ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ደግሞ በጭራሽ አይገቡበትም፣ ከዜሮና ከአንድ ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ። ስለዚህ ፍቃዱ ላይ ኦ ካያችሁ ሌላ ማመሳከር ሳያስፈልግ ስህተት ነው። አንዱ ድንበር ላይ እኔ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ስምንቷ ቢ ሆና ተጽፋ ነበር፣ መስኮቱን ሳልለቅ በጣቴ አሳየሁት፣ ልጁ ሳቅ ብሎ በደቂቃ አስተካክሎ ሰጠኝ። ያቺ ቢ እስከ ቀጣዩ ድንበር ብትሄድ ኖሮ ግን የማስወጣው መኪና ያስገባሁት መኪና አይደለም ማለት ነው።

ጉዳይ ገዳዮቹ

ድንበሩ ሳይታይ ገና ኪሎሜትር ሲቀረው ሰዎች መንገድ መሃል ገብተው እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ አንዳንዶቹ አንገታቸው ላይ ባጅ አንጠልጥለዋል፣ አንዳንዶቹ በሞተር ይከተሏችኋል፣ የመኪናውን መስታወት ያንኳኳሉ። ትራሚታዶር ይባላሉ። የመንግስት ሰራተኞች አይደሉም። አገር ቤት ጉምሩክ በር ላይ ጉዳይ ገዳይ እንደምንለው ነው፣ መስኮቱን ያውቁታል፣ ኦፊሰሩን ያውቁታል፣ አንዳንዱ በእውነት ጎበዝ ነው።

ያስፈልጋሉ ወይ? ጓቲማላ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ኮስታሪካና ፓናማ ላይ በጭራሽ። ስፓኒሽ ባትችሉም ስልካችሁ ላይ ያለው ትርጉም ይበቃል። ሆንዱራስ ላይ ግን፣ ኤል አማቲዮ የሚባለው ድንበር ላይ፣ ሙቀቱም ትርምሱም ስለሚበዛ አንድ ሰው መያዝ አያሳፍርም። ከያዛችሁ እንዲህ አድርጉ። ዋጋውን ከመጀመሩ በፊት ተስማሙ፣ ጠቅላላ ስንት፣ የመንግስት ክፍያ ለብቻ፣ የሱ ለብቻ። ፓስፖርትና ታይትል በእጁ አትስጡ፣ ከጎኑ እየሄዳችሁ እናንተው መስኮቱ ላይ አስገቡ። ክፍያውን ለኦፊሰሩ እናንተው ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። የሱን መጨረሻ ላይ። "ኦፊሰሩ 50 ዶላር ፈልጓል፣ ቶሎ እንዲያልፍላችሁ" የሚል ነገር ከመጣ፣ "ሬሲቦ" ብላችሁ እጃችሁን ዘርጉ፣ ደረሰኝ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ወሬው እዛው ይሞታል። ካልፈለጋችሁት ደግሞ መስታወት ሳታወርዱ "ኖ ግራሲያስ" እያላችሁ ቀስ ብላችሁ መንዳት ነው፣ መስኮቱ ድረስ እየተከተለ ሳትጠይቁት ቢያግዛችሁም በኋላ ማስከፈሉ አይቀርም።

ብር ዘርዛሪዎቹም እዛው ናቸው፣ ጥቅል ኖት በእጃቸው፣ ካልኩሌተር በሌላው። የሚበቃችሁን ብቻ ዘርዝሩ፣ የዕለቱን ምንዛሪ ቀድማችሁ ስልክ ላይ እዩ፣ በራሳችሁ ካልኩሌተር አስሉ።

አገር በአገር

ከታፓቹላ ወደ ጓቲማላ ሁለት መንገድ አለ፣ ሲዩዳድ ኢዳልጎ ተኩን ኡማን እና ታሊስማን ኤል ካርመን። የመጀመሪያው የከባድ መኪና ሰልፍ አለው፣ ታሊስማን ለትንሽ መኪና ይቀላል። ከሜክሲኮዋ ሳን ክሪስቶባል ከተማ ከተራራው የምትወርዱ ከሆነ ላ ሜሲያ ነው። የጓቲማላ የመኪና ፍቃድ 90 ቀን ነው፣ 160 ኬትሳል ገደማ፣ ወደ 20 ዶላር፣ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ስቲከር ይሰጣሉ።

እዚህ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ጓቲማላ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ሆንዱራስና ኒካራጓ የአንድ ስምምነት አባል ናቸው፣ ሲኤ 4 ይሉታል፣ ለሰው የሚሰጡት 90 ቀን ለአራቱም በአንድ ላይ ነው። ጓቲማላ ሁለት ወር ከቆያችሁ ለቀሩት ሶስት አገሮች ያላችሁ አንድ ወር ነው። መኪናዋ ግን በዚህ ስምምነት ውስጥ የለችበትም፣ በየአገሩ አዲስ ፍቃድ ታወጣለች፣ ቀኗም በየአገሩ ይለያያል፣ ለምሳሌ ሆንዱራስ 90፣ ኒካራጓ 30። ሁለቱን ቆጠራ ለየብቻ ያዙ፣ ቀድሞ የሚያልቀው የቱ እንደሆነ ሁሌ እወቁ።

ኤል ሳልቫዶር ቀላሏ ናት። ለመኪና ፍቃድ ክፍያ የለም፣ ገንዘቧ የአሜሪካ ዶላር ነው፣ ከ2001 ጀምሮ። በባህሩ በኩል ላ ሃቻዱራ፣ በመሃል ላስ ቺናማስ ወይ ሳን ክሪስቶባል።

ሆንዱራስን በፓስፊክ በኩል የምታልፉት ከኤል አማቲዮ እስከ ጉዋሳውሌ ነው፣ 130 ኪሎሜትር ገደማ፣ ስለዚህ ለሶስት ሰዓት መንገድ ብላችሁ ሁለት ሙሉ ድንበር ታልፋላችሁ፣ በአንድ ቀን ከሰራችሁት ድካሙ ሌላ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ኤል አማቲዮ ተሰልፋችሁ ካልሆነ ቾሉቴካ ከተማ አድራችሁ ሁለተኛውን በማግስቱ ብታደርጉት ይሻላል። ከመግባታችሁ በፊት የኢሚግሬሽኑን ቅድመ ምዝገባ ኦንላይን ሙሉ። የመኪናው ክፍያ ከ35 እስከ 40 ዶላር ይደርሳል፣ ኮፒ የሚበላ ድንበር ቢኖር እሱ ነው። መንገዱ ላይ ፖሊሶች ሁለት ባለ ሶስት ማዕዘን አንጸባራቂ ምልክትና እሳት ማጥፊያ ይጠይቃሉ፣ ያ ከሌላችሁ ቅጣቱ ትክክለኛ ነው፣ ስለዚህ ከአሜሪካ ገዝታችሁ ውጡ፣ 30 ዶላር አይሞላም።

ኒካራጓ ላይ ታገሱ። ከመድረሳችሁ ቢያንስ ሰባት ቀን በፊት የመግቢያ ፎርማቸውን ኦንላይን ሞልታችሁ መላክ አለባችሁ፣ ሳይሞሉ የሄዱ ሰዎች ድንበሩ ላይ ለሰዓታት ተቀምጠዋል። ኦፊሰሩ ስራችሁን፣ የት እንደምታርፉ፣ ለምን እንደመጣችሁ፣ ከዚህ በፊት የት የት እንደነበራችሁ ይጠይቃል። አጭር መልስ፣ ሁሌ አንድ አይነት፣ ከፎርሙ ጋር የሚገጥም። ጋዜጠኛ ወይ ኤንጂኦ ነገር ከሆናችሁ ጉዳዩ ይከብዳል። ሻንጣ ያስወርዳሉ፣ ድሮን ይፈልጋሉ፣ ሩቅ ማያ መነጽር፣ ባይኖኩላሩ፣ እንኳን ችግር ሆኖ ያውቃል። የቱሪስት ካርዱ 10 ዶላርና ትንሽ ነገር ነው፣ የመኪና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፣ 12 ዶላር አካባቢ። ከዛ መንገዱ አሪፍ ነው፣ እንዲያውም ከሆንዱራሱ በኋላ ትገረማላችሁ፣ ብቻ የፍጥነት ገደቡን አክብሩ፣ ድፍን መስመር ላይ አትቅደሙ፣ ፖሊሶቹ የሚጠብቁት እሱን ነው።

ፔኛስ ብላንካስ ላይ ከኒካራጓ ወደ ኮስታሪካ ትገባላችሁ። የከባድ መኪናው ሰልፍ ኪሎሜትሮች ይረዝማል፣ እናንተን አይመለከትም፣ በጎን እለፉት፣ መጀመሪያ ያየ ሰው ከኋላ ተሰልፎ ይቀራል። ኮስታሪካ ለመኪና 90 ቀን ትሰጣለች፣ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፣ ሳን ሆሴ ከተማ ውስጥ ደግሞ በታርጋ የመጨረሻ ቁጥር የተከለከለ ቀን አለ፣ ሰኞ አንድና ሁለት፣ ማክሰኞ ሶስትና አራት እያለ አርብ ዘጠኝና ዜሮ ላይ ያልቃል።

ፓሶ ካኖአስ፣ የኮስታሪካና የፓናማ ድንበር፣ ድንበር አይመስልም። ሱቅ በሱቅ የሆነ የገበያ ከተማ ነው፣ ድንበሩ መሃሉን ያልፋል፣ አጥር የለው ድልድይ የለው፣ ሙዚቃ ይጮሃል፣ ጫማ በቅናሽ ይሸጣል፣ ጂፒኤሱ ቀጥ በሉ ይላል፣ እናንተም ቀጥ ብትሉ ከኮስታሪካ ሳትወጡ ፓናማ ገብታችኋል። ቀስ ብላችሁ ሚግራሲዮን እና አዱዋና የሚል ጽሁፍ ፈልጉ፣ ካላያችሁ ቆማችሁ ጠይቁ። ሰዓታችሁንም አንድ ሰዓት ወደፊት አድርጉ፣ መስኮት የሚዘጋው በፓናማ ሰዓት ነው። ኢንሹራንስ እዚህም ትገዛላችሁ፣ ገንዘቡ ዶላር።

በመሃል ነገር ቢመጣስ

ለቅሶ ይመጣል። ሰው ስንባል እንዲህ ነን፣ ደግሞ ለቅሶ ቀን አይመርጥም። ተነስታችሁ ልትበሩ ስትሉ መኪናዋ በስማችሁ ገብታለች፣ እሷን ዝም ብሎ ጓደኛ ቤት አቁሞ መብረር አይቻልም፣ ቀኗ እያለቀ ነው፣ በአንዳንድ አገርም ኤርፖርት ላይ ሊያስቆሟችሁ ይችላሉ። የቅርቡ ጉምሩክ ቢሮ ሄዳችሁ የፍቃዱን ቆጠራ ለጊዜው ማስቆም ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ኮስታሪካ ላይ ለምሳሌ በጉምሩክ የታወቀ መጋዘን ውስጥ መኪናውን አስገብታችሁ ቀኑ እንዳይቆጠር ማድረግ ይቻላል፣ መጋዘኑ በቀን ያስከፍላል፣ ግን በሰላም ትሄዳላችሁ፣ በሰላም ትመለሳላችሁ። ብቻ ይሄን ከትኬቱ በፊት ነው የሚደረገው።

በሌሊት አትንዱ፣ ሌባ ፈርቼ ብቻ አይደለም፣ መብራት የሌለው ጋሪ፣ አስፋልት ላይ የተኛ ከብት፣ ጥቁር ጉድጓድ። ድንበር ከተማ ውስጥ ባታድሩ ይመረጣል፣ ካደራችሁ ግቢ ውስጥ የሚያሳድር ሆቴል።

ፓናማ ደርሳችሁስ

መንገዱ ያቪዛ የምትባል የፓናማ ከተማ ላይ ያልቃል። ከዛ ወዲያ ዳሪየን ነው፣ 100 ኪሎሜትር ገደማ ጫካና ረግረግ፣ መንገድ የለውም። መኪናችሁን ኮሎምቢያ ማሻገር ከፈለጋችሁ በመርከብ ከኮሎን ወደ ካርታሄና ነው፣ ከመጫኑ በፊት ደግሞ ፓናማ ሲቲ ውስጥ የፖሊስ ምርመራ አለ፣ ጠዋት ትሄዳላችሁ፣ ሞተሩ የቀዘቀዘ ይሁን ይላሉ፣ ሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ከፍቃዱ ጋር ያመሳክራሉ። ፓሶ ካኖአስ ላይ ሳያነቡ የተቀበሉት ወረቀት እዚህ ጋ ነው የሚጋለጠው፣ አንድ ፊደል ካልገጠመ ጉምሩክ ሄዶ ማሳረም ነው፣ መርከቡ ደግሞ አይጠብቅም።

የማትጭኑት ከሆነ መኪናችሁን አዙራችሁ ያንኑ ድንበር ሁሉ በተገላቢጦሽ፣ ያው ማህተም፣ ያው ማሰረዝ፣ ያው ኮፒ። ለመመለሻው አዲስ የኒካራጓ ፎርም መላክ አትርሱ፣ ሰባቱ ቀን እንደገና ይቆጠራል፣ ኮስታሪካ ወይ ፓናማ እያላችሁ ላኩት።